የፈጠራ ተሰጥዎ ያለውን ሰው ስለ መረዳት



ከኦሎምፒያ ተነሥቶ በቦሌ መንገድ ወደ መስቀል አደባባይ የሚመጣ፥ ከዚያም ወደ ብሔራዊው ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ጐዳና የሚይዝ የመንግሥት ሠራተኛ ጧት ጧት በአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ ያልፋል። በዚያ ሕንጻ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን፥ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፥ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን የሚያሳይ የባለ ቀለም መስተዋት ሥራ አለ። ሥራውን ያዘጋጁት ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ መሆናቸውን የማያውቅ የለም። እኚህ ሰው በ1947 በአውሮጳ አቆጣጠር ወደ እንግሊዝ አገር ሲላኩ ግን የታሰበላቸው ትምህርት ሥዕል አልነበረም፤ የማዕድን ምሕንድስና ነበር እንጂ። የውስጥ ዝንባሌያቸው ስለ በረታ ትምህርታቸውን ወደ ሥዕል አዞሩ።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። በዚያን ጊዜ አባታቸው ወይም አለቃቸው ብንሆን ኖሮ ምን እንል ነበር? «ምሕንድስናን የመሰለ ሙያ ትቶ ቀለም መቀባት ምን የሚሉት ነው?» ከማለት የምንታገሥ ስንቶቻችን ነን?

የፈጠራ ተሰጥዎ ያለው ሰው ብርታቱና ድካሙ ከአንድ ሥር የሚበቅሉ ናቸው። ሌላው «የተለመደ ነው» ብሎ የሚያልፈውን እርሱ «ስለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህ ጥያቄ አዲስ ነገር ያስገኝለታል፥ ከአለቃው ጋርም ያጋጨዋል። ጥቂቷ ጉድለት ስለምትታየው ሥራው የጠራ ይሆናል፤ ያው ዐይን በገዛ ሥራው ላይ ሲያርፍ ግን እንቅልፍ ይነሣዋል፥ የጀመረውንም ሳይፈጽም ያስቀረዋል። ልቡ ለብዙ ነገር ክፍት ስለ ሆነ ሐሳብ ይፈልቅለታል፤ የሰው ነቀፌታም በዚያው በር ገብቶ ያቆስለዋል።

ሠዓሊና ባለቅኔ የነበሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታ ይህን በሕይወታቸው ያሳዩናል። በ1932 በሐረር ተወልደው፥ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምረው፥ ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ይዘውት የመጡት አዲስ የአሣሣል ስልት ለብዙ ተመልካች እንቆቅልሽ ሆኖ ነበር። በ1965 ታላቁን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ቢያገኙም፥ በ1981 ከአገራቸው ርቀው በአሜሪካ ዐረፉ። በስማቸው የተጠራው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሥር የተከፈተው በ2008፥ ካረፉ ከ27 ዓመት በኋላ ነው።

ግራሃም ዋላስ የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1926 ባሳተመው መጽሐፍ አዲስ ሐሳብ የሚወለድባቸውን አራት ደረጃዎች ዘርዝሯል። መጀመሪያ ነገሩን ማጥናትና መመራመር ነው፤ ሁለተኛው ሐሳቡ በውስጥ እንዲበስል መተው ነው፤ ሦስተኛው መፍትሔው በድንገት የሚበራበት ነው፤ አራተኛው የበራውን መርምሮና አርሞ በሥራ ማረጋገጥ ነው። ሰውየውን የሚያስወቅሰው ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ለውጭ ተመልካች ስንፍና ይመስላልና። አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት እዚህ ላይ ይሠራል። ዳሩ ግን እንቁላሉ እንዲፈለፈል ሙቀት የሚሰጠው ያስፈልጋል።

እኔም ይህን የተማርሁት በገዛ ጥፋቴ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ከእኔ በታች የሚሠራ አንድ ወጣት ነበር። ጽሕፈቱን ያዘገያል፤ በረቂቆቹ ዳር ሥዕል ይሥላል፤ በመስኮት ይመለከታል። በመጨረሻ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍሁበት። ወጣቱ ተቀብሎ «እሺ፥ ጋሼ» አለኝ፤ በወሩም ሥራውን ለቀቀ። መሳቢያውን ስንከፍት ባለጉዳዮች በየቢሮው እየዞሩ የሚሞሏቸውን ሦስት ቅጾች በአንድ ገጽ ያጠቃለለ ረቂቅ አገኘን። ግማሹ ብቻ ተሠርቶ ነበር። እኛም ልንጨርሰው ሞክረን አልሆነልንም። መዘግየቱን መናገሬ ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋቴ «ምን እያሰብህ ነው?» ብዬ አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቄ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ በቤታችሁ፥ እንዲህ ያለ ሠራተኛ በቢሯችሁ ቢኖር፥ ግቡንና የመጨረሻውን ቀን ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩት፤ የአሠራሩን መንገድ ግን ለእርሱ ተዉለት። ስታርሙት ሥራውን እንጂ ሰውነቱን አትንቀፉ፤ በሰው ፊትም አታድርጉት። ያልበሰለውን ሐሳብ ሳትስቁ አድምጡት።

ተሰጥዎ ያለህ ወንድሜ፥ ያለሽም እኅቴ፥ ለእናንተም የምለው አለኝ። ተሰጥዎ ከሰዓትና ከኀላፊነት ነጻ የሚያወጣ ፈቃድ አይደለም። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው መስተዋት በ1961 ብርሃን ያስተላለፈው ታስቦ ስለ ቀረ ሳይሆን ተሠርቶ ስላለቀ ነው። አንዱን ሐሳብ ምረጡ፤ ፍጹም ባይሆንም ፈጽሙት።

አድማጮቼ ሆይ! ነገ ቢሯችሁ ስትገቡ በመስኮት የሚመለከተውን ሰው ከመገሠጻችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ምናልባት የሚያይላችሁ እናንተ ያላያችሁትን ይሆናል።