የደቻቱ አሸዋ

ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ባዶ ስለሚመስል ሁሉም ይፈልገዋል፤ ገበያው ይዘረጋበታል፣ ቤቱ ይጠጋዋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ግን ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። አሸዋው ለካ ባለቤት ነበረው፤ የውሃው መንገድ ነበር።

ለልጃችን፣ ለታመመች እናታችን፣ ለጀመርነው ሥራ ያስቀመጥነውም ሰዓት እንደ አሸዋው ሁሉ ለሌላው ሰው ትርፍ ጊዜ ይመስላል። ይሉኝታ ይዞን «እሺ» እንላለን፤ ከዚያ ሁሉም ሳይሆን ይቀራል። በጊዜ የተነገረ «አልችልም» ሰውን ደጅ ከማስጠናት ይልቅ አክብሮት ነው እላለሁ። ዛሬ ከሰዓት የበርጫ ጥሪ ሲመጣ፣ የያዛችሁት ጉዳይ ካለ፣ «ይቅርታ፣ ዛሬ አይመቸኝም» በሉ።