መዝገብን በቁጥሩ መጥራት፦ የዝርግ ፋይሎች አሠራርና የካታሎጎቻችን ዕጣ

በነቀምቴ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ርእሴ ለወጣቶቹ ያረጀ ነገር መስሎ ይታያቸው ይሆናል። በአንድ ፋይል ውስጥ የተቀመጠን መዝገብ በተራ ቁጥሩ ጠርቶ ስለ ማንበብ ዛሬ መናገር ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ ይህ ነው፦ በአገራችን በኮምፒዩተር ከተዘጋጁት ቀደምት የቤተ መጻሕፍት ካታሎጎች ብዙዎቹ የተጻፉት በእንዲህ ዓይነት ፋይሎች ነው፤ ወደ አዳዲስ ሥርዓቶች የማሸጋገሩ ሥራም በናንተ እጅ የሚወድቅ ነው። በሽግግሩ ጊዜ የመዝገብ ቁጥር ከተዛባ፣ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ ይጠፋል።

ስም ስለሚያስቸግር ቁጥር ተመረጠ

ዝርግ ፋይል የምለው መዝገቦች አንዱ ከሌላው ተከትለው የሚደረደሩበትን ፋይል ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ፋይል አንድን መዝገብ የምናገኝበት መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ በይዘቱ እንፈልገዋለን፣ ወይ በቁጥሩ እንጠራዋለን። በይዘት መፈለግ በእኛ አገር ፈተና አለው። ይህች የተሰበሰብንባት ከተማ በአንድ ሰነድ ነቀምቴ፣ በሌላው ነቀምት፣ በቆዩ ካርታዎች ላይ ደግሞ ለቀምት ተብላ ትገኛለች። በግእዝ ፊደል ስንጽፍ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር የተለያዩ ናቸው። በቁቤ የተጻፈውን ስንጨምርበት ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል።

ኦኔሲሞስ ነሲብን እንውሰድ። የትውልድ ስሙ ሂካ ነበር። የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በግእዝ ፊደል ታተመ፤ ከአስቴር ገኖ ጋር ያዘጋጀው የንባብ መጽሐፍ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ በ1894 ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ በነቀምቴ ኖሯል። የዚህን ሰው ሥራዎች በስሙ የሚፈልግ ተመራማሪ ስንት ዓይነት አጻጻፍ መሞከር እንዳለበት ገምቱ። ቁጥር ግን የፊደል አጻጻፍ ልዩነት የለበትም፤ 300 ሁልጊዜ 300 ነው። ካታሎግ ሠራተኞችም ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ቁጥርን የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

እኩል ርዝመት ያላቸው መዝገቦች

ቀላሉ አሠራር መዝገቦቹ ሁሉ እኩል ርዝመት ያላቸው ሲሆኑ ነው። በዲቤዝ ፋይል የመጀመሪያው ክፍል ስለ ፋይሉ የሚናገር ራስጌ ነው፤ 32 ባይት ለጠቅላላ መረጃ፣ ለእያንዳንዱ መስክ 32 ባይት፣ ለመዝጊያ ምልክት 1 ባይት ይይዛል። ስድስት መስኮች ካሉን ራስጌው 225 ባይት ይሆናል። የእያንዳንዱ መዝገብ ርዝመት 400 ባይት ነው እንበል። 25ኛውን መዝገብ ለማግኘት ከፊቱ ያሉትን 24 መዝገቦች በ400 እናባዛለን፤ 9600 ይመጣል። በዚህ ላይ 225 ስንደምር ንባቡ የሚጀምርበት ቦታ 9825 ላይ መሆኑን እናውቃለን። ፍለጋ የለም፤ አንድ ማባዛትና አንድ መደመር ብቻ ነው። ፋይሉ መቶ መዝገብ ቢኖረው ወይም መቶ ሺህ፣ ስሌቱ አይለወጥም።

ይህ ውበት ዋጋ ያስከፍላል። የግእዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል፤ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፉ እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይወስዳሉ። «ኦኔሲሞስ ነሲብ» ስምንት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ስለሆነ 25 ባይት ይፈልጋል። ለደራሲ ስም 20 ባይት የመደበ ሰው ጽሑፉን «ኦኔሲሞስ ነ» ላይ ይቆርጠዋል፤ የሚቀረው አንድ ባይትም የ«ሲ» ስባሪ ሆኖ በስክሪኑ ላይ የማይነበብ ምልክት ያመጣል። መስኩን ብናሰፋው ደግሞ አጭር ስም ያለው መዝገብ ሁሉ ባዶ ቦታ ተሸክሞ ይኖራል። ለጽሑፍ ሥራ፣ በተለይም ለካታሎግ፣ እኩል ርዝመት አይመችም።

የሲዲኤስ/አይሲስ መፍትሔ

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ለአነስተኛ ኮምፒዩተሮች ያወጣው ሲዲኤስ/አይሲስ ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈታው። ፕሮግራሙ በነጻ ይታደል ስለነበር በታዳጊ አገሮች ተስፋፋ፤ በኢትዮጵያም ቤተ መጻሕፍትና የሰነድ ማዕከላት ለረጅም ጊዜ ሠርተውበታል። በኋላም በብራዚል ሳኦ ፓውሎ የሚገኘው ቢሬሜ የተባለው የጤና መረጃ ማዕከል፣ ሌሎች ፕሮግራሞች እነዚህን ፋይሎች የሚያነቡባቸውን የፕሮግራም ላይብረሪዎች አዘጋጀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መዝገቦቹ በዋናው ፋይል ውስጥ በተለያየ ርዝመት ይጻፋሉ። ከጎኑ ማመሳከሪያ ፋይል አለ፤ ይህም በ512 ባይት ክፍሎች የተከፈለ ነው። የእያንዳንዱ ክፍል የመጀመሪያ 4 ባይት የክፍሉን ቁጥር ይይዛል፤ ቀሪው 508 ባይት ባለ 4 ባይት 127 ጠቋሚዎችን ይይዛል። 300ኛውን መዝገብ ስንጠራ 299ን ለ127 እናካፍላለን፤ 2 ደርሶ 45 ይተርፋል። ስለዚህ ጠቋሚው በሦስተኛው ክፍል 46ኛው ነው። ቦታውም 2 ጊዜ 512፣ ሲደመር 4፣ ሲደመር 45 ጊዜ 4፣ ማለትም 1208ኛው ባይት ላይ ነው። ጠቋሚው መዝገቡ በዋናው ፋይል የት እንደሚገኝ ይነግረናል።

መዝገቡ ተስተካክሎ ቢረዝምና የቀድሞው ቦታ ባይበቃው፣ በፋይሉ መጨረሻ ሊጻፍ ይችላል፤ ጠቋሚው ይለወጣል እንጂ ቁጥሩ አይለወጥም። መዝገቡ ቢሰረዝም ጠቋሚው የመሰረዝ ምልክት ይደረግበታል እንጂ የኋላዎቹ መዝገቦች አይሸጋሸጉም። በዲቤዝ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የተሰረዘው መዝገብ መጀመሪያ በኮከብ ምልክት ይታወቃል፤ ፋይሉ በ«ፓክ» ትእዛዝ ሲጠቀጠቅ ግን ከፋይሉ ይወጣና የኋላዎቹ ወደ ፊት ይመጣሉ። 25ኛው ከወጣ ትናንት 26ኛ የነበረው ዛሬ 25ኛ ነው።

አደጋው

የዛሬው ገለጻዬ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። በስም ስንፈልግ ከተሳሳትን ኮምፒዩተሩ ብዙውን ጊዜ «አልተገኘም» ይለናል፤ እኛም ሌላ አጻጻፍ እንሞክራለን። በቁጥር ስንጠራ ከተሳሳትን ግን ምንም ቅሬታ ሳያሰማ ሌላ መዝገብ ያቀርብልናል። ቀለሙ ያማረ፣ ሁሉም መስክ የተሟላ፣ ነገር ግን የሌላ መጽሐፍ መዝገብ። በጤና ተቋም የካርድ ክፍል ቢሆን ኖሮ የሌላ ሕመምተኛ ታሪክ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ለምሳሌ ያህል፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ የሚገኙ ሦስት ቤተ መጻሕፍት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፋይል አላቸው እንበል። ሦስቱም ከ1 ስለጀመሩ ሦስቱም 300ኛ መዝገብ አላቸው። ፋይሎቹን ሳናስብ ካዋሐድን አንዱ በሌላው ላይ ሊጻፍበት ይችላል፤ አለዚያም ለሁሉም አዲስ ቁጥር ይሰጣቸዋል። መረጃው በአይኤስኦ 2709 መልክ ወጥቶ ሲጫንና ቁጥሮቹ እንደ አዲስ ሲሰጡም በተሰረዙት ቦታዎች ምክንያት መላው ተራ ይሸጋሸጋል። በመጽሐፉ ጀርባ በእጅ የተጻፈው ቁጥር፣ በመዋሻ መዝገቡ የሰፈረው ቁጥር፣ በአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ቁጥር ግን አብረው አይሸጋሸጉም።

የመዝገብ ቁጥር ፋይሉ ለራሱ የሚጠቀምበት አድራሻ ነው። ቤት የቀየረ ሰው አድራሻው ይለወጣል፤ ሰውየው ግን ያው ነው። እኛ ግን አድራሻውን እንደ ስም ቆጥረን በወረቀት ላይ አተምነው።

ምን እናድርግ?

ለእናንተ ለተማሪዎች አራት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ መጽሐፍ ከፋይሉ ተራ ጋር ያልተያያዘ የራሱ መለያ ቁጥር በአንድ መስክ ውስጥ ይኑረው፤ መጽሐፉ ጀርባ ላይ የሚጻፈውም ይኸው ይሁን። ሁለተኛ፣ ወደ ኮሃም ሆነ ወደ ሌላ ሥርዓት ስትሸጋገሩ የቀድሞውን የመዝገብ ቁጥር አትጣሉ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ስም ጋር አጣምራችሁ በተለየ መስክ አኑሩት። «ጊምቢ 300» እና «ሻምቡ 300» ያን ጊዜ አይምታቱም። ሦስተኛ፣ በላይብረሪ አማካይነት መዝገብ የሚጠራ ፕሮግራም ስትጽፉ ከንባቡ በፊት ቁጥሩ ከ1 እስከ መጨረሻው መዝገብ መሆኑን፣ ከንባቡ በኋላ ደግሞ መዝገቡ የተሰረዘ አለመሆኑን አረጋግጡ። ፕሮግራሚንግ ስትማሩ ድርድር ከ0 መቁጠሩን ለምዳችኋል፤ የመዝገብ ቁጥር ግን ከ1 ይጀምራል። በዚህች አንድ ልዩነት ሁልጊዜ የጎረቤቱን መዝገብ የሚያነብ ፕሮግራም ሊጻፍ ይችላል።

አራተኛውና የመጨረሻው፣ ከሽግግሩ በኋላ በኮምፒዩተሩ ፊት ብቻ አትቀመጡ። ከፋይሉ መጀመሪያ፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ጥቂት መዝገቦች ምረጡ፤ በተለይም ከተሰረዙት ቀጥሎ ያሉትን። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዳችሁ መጽሐፉን በእጃችሁ ያዙት፤ ርእሱን፣ ደራሲውንና ቁጥሩን ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ። መጀመሪያው ልክ ሆኖ መጨረሻው ከተዛባ፣ ተራው የተሸጋሸገው በመካከሉ ነው፤ የት እንደሆነ ፋይሉን እየከፈላችሁ መለየት ትችላላችሁ።

ይህ ሥራ ጭብጨባ የለውም። በሚገባ ከተሠራ ማንም አያውቀውም፤ ከዓመታት በኋላ አንዲት ተመራማሪ የ1894ቱን የንባብ መጽሐፍ ስትጠይቅ ያው መጽሐፍ ይመጣላታል፣ በቃ። እናንተን የማሠለጥነው ለዚህ ነው።