አክሲዮን ከመግዛታችን በፊት

ምስጋና ለአላህ ይገባው።

ከጁሙዓ ሰላት በኋላ አንድ የወንጪ ወንድማችን «ሐይቁ ዳር ለጎብኚዎች የማከራየውን ፈረስ ሸጬ አክሲዮን ብገዛ ሐላል ነው?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የብዙዎች ነው። በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ከ33 አክሲዮን ሳያንስ፣ በቴሌብር መሸጥ ሲጀምር ሰው በእጅ ስልኩ ባለድርሻ መሆን ቻለ። በጥር 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተከፈተ።

አክሲዮን ሽርክና ነው፤ ሽርክና በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ እንጠይቅ። በወለድ የሚያበድር ባንክ ባለድርሻ ከወለዱም ድርሻ አለው። እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች የተቋቋሙት ከዚህ ለመራቅ ነው። ቀጥሎ ገንዘቡ የማን ነው? በወለድ የተበደርነው ወይም የየቲም አደራ ከሆነ እጃችንን እንሰብስብ። ዘካውንም አንርሳ፤ ነግደን ልናተርፍበት የያዝነው አክሲዮን ኒሳብ ከሞላና ዓመት ከዞረው በዕለቱ ዋጋ 2.5 በመቶ ይወጣበታል።

ወንድማችንን ግን እንዲህ አልነው፦ ሐላል መሆኑ ብቻ አይበቃም። የአክሲዮን ዋጋ ይወርዳል፤ ትርፍ የማይከፈልበት ዓመት አለ፤ ልሽጥ ባልክ ቀን ገዢ ላይገኝ ይችላል። ፈረሱ ግን የልጆችህ የዕለት ጉርስ ነው። እሱን ያዝ፤ ከኪራዩ የተረፈህን አጠራቅመህ ግዛ። ሰነዱንም ለቤተሰብህ አሳውቅ፤ ሞት ቢቀድምህ የወራሾችህ ሐቅ ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።