መመሪያ የሚያትም መኪናና መመሪያ የሚጽፍ ሰው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)





በዛሬው የበዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። የመረጥነው ርእስ የቴክኒክ መመሪያ ጽሑፍ በኮምፒዩተር አማካይነት ተሰናድቶ የሚታተምበት ዘዴ ነው። ይህ ከበዓል ጋር የማይስማማ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የሐኪም ቤቱ መሣሪያ፣ የውሃው ፓምፕ፣ ወፍጮው፣ በየኪሳችን ያለው ስልክ ሳይቀር መመሪያ አለው። መመሪያው የተሳሳተ ወይም ያረጀ እንደ ሆነ ጉዳቱ የሚደርሰው አምኖት በሠራው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ሁላችንንም ይመለከታል።

ቀድሞ መጽሐፍ በብራና ላይ ሲገለበጥ ቁም ጸሓፊው ሁለት ሥራ ባንድነት ይሠራ ነበር፤ ቃሉን ይጽፋል፣ መልኩንም ያሰናዳል። ከቅዱሳን ስም ሲደርስ ጥቁሩን ቀለም ትቶ ቀዩን ያነሣል፤ ይህንንም የሚያደርገው የሚጽፈውን ስለሚያውቅ ነው። የጽሕፈት መኪና ከመጣ በኋላም ድካሙ አልቀረም። በመቶ ገጽ መመሪያ መካከል አንድ አንቀጽ ቢጨመር ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ ገና ይጻፋል፤ የገጹ ቁጥርና ማውጫውም ይፋለሳል። እንዲህ ከሆነ እርማቱ «ለሚቀጥለው እትም» እየተባለ ቢቆይ የሚያስደንቅ አይደለም።

ኮምፒዩተር ይህን ሸክም ማቅለል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። በ1964 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጄሮም ሳልትዘር ራኖፍ የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ፤ ይኸውም በጽሑፉ መካከል የገባውን ትእዛዝ እያነበበ መስመሩንና ገጹን የሚያስተካክል ነበረ። በ1970 ደግሞ በኒው ጀርሲ በቤል ላቦራቶሪዎች ዩኒክስን የሠሩት እነ ኬን ቶምሰን፣ ዴኒስ ሪቺና ጆ ኦሳና አዲስ ኮምፒዩተር እንዲገዛላቸው ሲጠይቁ ያቀረቡት ምክንያት ጽሑፍ የሚያሰናዳ ሥርዐት እንሠራለን የሚል ነበረ። የመጀመሪያው ተጠቃሚ የድርጅቱ የፓተንት ክፍል ሆነ። የፓተንት መሥሪያ ቤቱ በማመልከቻው ገጽ ላይ የመስመር ቁጥር እንዲኖር ያዝዝ ስለ ነበረ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ራሱ እንዲጽፍ አደረጉት፤ በ1971ም ሦስት የጽሕፈት ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ይሠሩበት ጀመር።

ይሁን እንጂ ትልቁ ሐሳብ የመጣው ከሌላ ስፍራ ነው። በ1969 በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ቻርልስ ጎልድፋርብ፣ ኤድዋርድ ሞሸርና ሬይመንድ ሎሪ ጂ ኤም ኤል የተባለውን የምልክት አጻጻፍ ፈጠሩ። በዚህ አጻጻፍ ደራሲው «ይህን አግዝፈህ ጻፍ» በማለት ፈንታ «ይህ ርእስ ነው፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው» እያለ ምልክት ያደርጋል። ቁም ጸሓፊው በልቡ ያውቀው የነበረውን ለመኪናው ገልጦ እንደ መንገር ነው። የክፍሉ ምንነት ከታወቀ አንዱ ጽሑፍ ለወረቀትም ለስልክም በየመልኩ ይወጣል። ከዚህ ሐሳብ የተወለደው ኤስ ጂ ኤም ኤል በ1986 ዓለም አቀፍ ደረጃ ለመሆን በቃ።

ዛሬ በብዙ የሶፍትዌር መሥሪያ ቤቶች ሥራው እንዲህ ይካሄዳል። ጽሑፉ በአንድ ስፍራ ይቀመጣል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 የሠራው ጊት የተባለው ፕሮግራም ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ መዝግቦ ይይዛል። አንድ ሰው አንድ መስመር ባረመ ቁጥር መኪናው የፊደል ግድፈት፣ የጠፋ ሥዕል፣ ወደ ባዶ ስፍራ የሚመራ ጥቆማ መኖሩን ይመረምራል፤ በመመሪያው ውስጥ ያለውን የፕሮግራም ምሳሌም ራሱ ሠርቶ ይሞክራል። ሁሉ ደኅና ከሆነ አዲሱን እትም በደቂቃዎች ውስጥ ያወጣል። እንግዲህ ለሚቀጥለው እትም ተብሎ የሚቆይ እርማት አይኖርም ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ነገራችንን እንናገር። «ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት ኤሌክትሪኩን አጥፋ» ሊባል የሚገባው «ክዳኑን ከከፈትህ በኋላ ኤሌክትሪኩን አጥፋ» ተብሎ ቢጻፍስ? ፊደሉ ትክክል ነው፤ ሰዋስዉም ትክክል ነው። መኪናው አንዳች ሳይጠራጠር ለሺህ አንባቢ ያደርሰዋል። የቀድሞው ስሕተት ከቅጂ ወደ ቅጂ ቀስ እያለ ይሄድ ነበር፤ የዛሬው ግን ከእውነቱ እኩል ይሮጣል። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት መመሪያውን ያልጻፈው ሌላ ሰው በእጁ እየሠራ እንዲሞክረውና «ይውጣ» ብሎ እንዲፈቅድ ያስፈልጋል። ምናልባት «ሰው ከቆመበት የመኪናው ጥቅም ምንድን ነው?» የሚለን ይኖራል። ጥቅሙ ገጽ በመቁጠርና ማውጫ በማረም ያልቅ የነበረውን ጊዜ ለዚህ ምርመራ መስጠቱ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ስለ ገባ፣ ከላይ የዘረዘርናቸው መሣሪያዎች አማርኛን ተቀብለው ሊያሰናዱ ይችላሉ። እንግሊዝኛው መመሪያ ሲለወጥ አማርኛው ትርጉም እንዳረጀ ለይተው «ይህ ዐረፍተ ነገር እንደ ገና ይታይ» የሚሉ ፕሮግራሞችም አሉ። የጐደለው በአማርኛ በጥንቃቄ የሚጽፍና የሚመረምር ሰው ነው። እንግሊዝኛውን ያልተረዳ ሠራተኛ በግምት ሲሠራ የሚደርሰውን አደጋ ለማናችሁም መንገር አያሻም።

ስለዚህ ለታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አደራ እንላለን። የሳይንስ ክበባችን ለላቦራቶሪያችን መሣሪያዎች ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ይጻፍ። ጽሑፉ በአንድ ስፍራ ይቀመጥ፤ ማተሙን ለኮምፒዩተሩ እንተውለት። ከመውጣቱ በፊት ግን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በመምህር ፊት እያነበበ ይሥራበት። እርሱ ከተደናገረ ጥፋቱ የመመሪያው ነውና ይታረም።

እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ እንወጣለን፤ መሣሪያዎቹ ግን እዚሁ ይቆያሉ። ከእኛ በኋላ የሚነካቸው ተማሪ እጁ ሳይጐዳ እንዲማር ይህ ሥራ ዛሬ ይጀመር።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፣ መምህራኖቻችንንና ወላጆቻችንን ይባርክ።