ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ

አቅራቢ 1፦ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ስድስት ወር ያልሞላው ውሻ አሜሪካ አይገባም። ከአውሮፓ ንጹሕ ዝርያ ያለው ጀርመን ሼፐርድ ለማስመጣት ያሰበ ሰው ቅር ሊሰኝ ይችላል፤ ቡችላ ሰውን በደንብ የሚለምደው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ነውና። ያ ጊዜ በአርቢው ግቢ ካለፈ ለገዢው ምን ቀረለት? አንቺ እንዴት ታይዋለሽ?

አቅራቢ 2፦ ቅሬታው እውነት አለው፤ እኔ ግን ሕጉን እደግፋለሁ፤ የወጣው የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይገባ ነውና። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በተለምዶ የሚሰጠው ከ12 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ ነው፤ እስኪሠራም ሳምንታት ይወስዳል። የሐሰት የክትባት ወረቀትም አለ። የስድስት ወር ውሻ ግን ቋሚ ጥርስ ስላበቀለ በዕድሜው ማታለል ይከብዳል። ሰውን ማልመድ ጎበዝ አርቢም ይችላል፤ በሽታው ግን ምልክቱ አንዴ ከታየ ይገድላል። ኢትዮጵያም የበሽታው ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት፤ ከዚህ ውሻ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የማይክሮቺፑንና የክትባቱን ሰነድ ጨርሱ።