የአበባዋ ወፍና ትንሿ ጉጉት

በዛሬው ትምህርታችን ሁለት ወፎችን እናስተያያለን። አንደኛይቱን ሰው ሁሉ ይወዳታል፤ ሁለተኛይቱን ግን ባየናት ቁጥር ድንጋይ እናነሳለን።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባትና ደባርቅ ያላችሁ፣ እሬት ወይም የፈረስ ዘንግ ሲያብብ፣ ምንቃሯ እንደ ማጭድ የጎበጠ ወፍ ወለላ ስትመጥ አይታችኋል። ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ከጭራውም ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወጣሉ። ሴቷ ቡናማ ናት፣ ጌጥ የላትም። የሳይንስ ስሟ ከእኛው ከተከዜ ወንዝ የተወሰደ ሲሆን፣ የተሰጣትም በ1814 እ.ኤ.አ. ነው። በአሜሪካ አህጉር ብቻ ከምትገኘው ሃሚንግበርድ ከምትባለው ወፍ ጋር የሚያመሳስሏት አሉ። ዘመዳሞች ግን አይደሉም። ያቺ ክንፏን እያርገበገበች አየር ላይ ቆማ ትመጣለች፤ የእኛዋ አብዛኛውን ጊዜ አገዳው ላይ አርፋ ነው። የአበባውንም ዱቄት ካንዱ ወዳንዱ እያደረሰች ተክሉ ዘር እንዲይዝ ትረዳለች።

አሁን ወደ ጉጉት እንለፍ። እስቲ ስሟን በደብተራችሁ ጻፉ፦ ጉ-ጉ-ት። ሁለቱ ፊደላት አንድ ናቸው።

ወደ ቆላ ሲወረድ፣ በግራር ላይ የምትቀመጥ ነጠብጣብ ትንሽ ጉጉት አለች፤ ቁመቷ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከብዙዎቹ ጉጉቶች ተለይታ በቀንም ታድናለች። ማጅራቷ ላይ ሁለት ጥቋቁር ምልክቶች ስላሉ፣ ከኋላ ያያት ዓይን ይመስለዋል። የጉጉት ዓይን እንደ እኛ ወዲያና ወዲህ አይዞርም፤ ስለዚህ አንገቷን እስከ 270 ዲግሪ ታዞራለች። ሰው የሚፈራትም በዚህ ይመስለኛል። ትናንሽ ወፎችም ከበው ይጮሁባታል፤ እነሱስ እውነት አላቸው፣ አንዳንዴ ትበላቸዋለችና። እኛን ግን ምን አደረገችን?

«ጉጉት ከጮኸች ሰው ይሞታል» ይባላል። ሰውማ ሳትጮህም ይሞታል! የምትጮኸው ግዛቷን ለማስታወቅና ጓደኛዋን ለመጥራት ነው። ምግቧም አንበጣ፣ እንሽላሊትና አይጥ ነው። ደጋ ያሉት ትልልቆቹ ጉጉቶችማ ዋና ሥራቸው አይጥ ማደን ነው። የጎተራችንን ገብስ ማን እንደሚጨርሰው ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ። ልጆች ጉጉቷን በወንጭፍ ሲገድሉ የሚደሰተው አይጡ ነው። የአይጥ መርዝ የምታስቀምጡም የሞተውን አይጥ ቅበሩት፤ ጉጉት ከበላችው እሷም ትመረዛለች።

አላምንም የሚል ካለ፣ ጉጉት ቀን የምትውልበት ዛፍ ሥር ይሂድ። ያልተፈጨላትን ፀጉርና አጥንት ጠቅልላ በአፏ ስለምትተፋው፣ አውራ ጣት የሚያህሉ ድብልብል ነገሮች ያገኛል። በስንጥር ፈልቅቁት። የአይጥ መንጋጋ ስታገኙ ቁጠሩና ቁጥሩን በደብተራችሁ አስፍሩ።