የአንድ አሮጌ ትራክተር ታሪክና የመለዋወጫ ነገር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አንድ አሮጌ ትራክተር ንግግር እናደርጋለን ባልን ጊዜ ከማኅበርተኞቻችን አንዳንዶቹ ስቀውብናል። «ትራክተር ያርሳል እንጂ ምን ይነገርለታል?» ያለንም ነበር። እኛም አስቀድመን እንደዚያው እናስብ ነበርና አልተቀየምንም። ነገር ግን ከኅዳር እስከ ሰኔ በዚህ ብረት ላይ ስንደክም የተማርነውን ለብቻችን ይዘን ብንቀር ንፉግነት መስሎ ስለ ታየን፣ ያጠፋነውንም ሳንደብቅ ልናወራችሁ ቆመናል።

ከመካከላችን አራቱ ያደግነው በኮልፌ ቀራንዮ ነው። በካራ ቆሬ በኩል፣ ከባሕር ዛፍ ሥር፣ ዝገት የበላው አንድ ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ቆሞ እናውቅ ነበር። ልጆች ሳለን መሪውን ይዘን «ሾፌር ሾፌር» እንጫወትበት ነበር። ባለቤቱ አባባ ቀድሞ በአንድ የመንግሥት እርሻ ሾፌር የነበሩ ሰው ናቸው፤ እርሻው ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ ይህን ትራክተር ገዙ። ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ከዘመዶቻቸው ጋር በሚያርሱት መሬት ላይ ብዙ ዓመት ሠሩበት። ከዚያ ቆመ። ባለፈው ዓመት ሰላም ልንላቸው ብንሄድ «ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ ልሸጠው ነው» አሉን። የምሕንድስና ተማሪዎች ነን ስንል የምንኩራራ ልጆች ነንና «አይሽጡት፤ እኛ እናስነሣዋለን» አልን። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው ልጆቼ፣ እስከ ሰኔ እጠብቃችኋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ክረምት አይጠብቀኝም» አሉን። ቀጠሮው ይህ ነበር።

የቆመበትን ምክንያት መጀመሪያ አላወቅንም ነበር። የዚህ ትራክተር ማርሜታ ወደ ላይ የቆመ ነው። በላዩ ይደፉበት የነበረውን ጣሳ ነፋስ ወሰደው፤ የክረምቱ ዝናብ በጭስ መውጫው ገብቶ ከሦስቱ ሲሊንደሮች አንዱ ውስጥ ተኛ፤ ፒስተኑም ከነቀለበቱ ዝጎ ተጣበቀ። አንድ ጣሳ ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ያን ዕለት ተማርን። እኛ ግን ቸኩለን ማርሹን አስገብተን በፒክአፕ መኪና ልንጎትተው ተነሣን። አባባ ገመዱን ከእጃችን ቀሙንና «በሬ እንኳ ሲታመም በጅራቱ አይጎተትም!» ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነበር፤ ብንጎትተው ኖሮ የፒስተኑን ክንድ እናጣምመው ነበር። ኢንጄክተሮቹን ፈትተን ናፍታና ዘይት ቀላቅለን በቀዳዳዎቹ አፈሰስንና ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። በዐሥረኛው ቀን የሞተሩን የኋላ መዘውር በብረት ስንገፋው የጣት ውፍረት ያህል ተንቀሳቀሰ። እንደዚያ የጮኽንበት ቀን በፈተና ውጤት እንኳ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ መለዋወጫ ፍለጋው ተጀመረ። ይህን ትራክተር መምረጣችን ዕድለኞች አድርጎናል ለማለት ይቻላል። ማሲ ፈርጉሰን 135 እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 የተሠራ ሞዴል ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ የፐርኪንስ ናፍታ ሞተር ኮምፒዩተር የለው፣ ውስብስብ ሽቦ የለው፤ መፍቻና ትዕግሥት ያለው ሰው ይረዳዋል። ደግሞም ከእንግሊዝ አገር ውጭ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በቱርክና በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ፈቃድ ያገኙ ፋብሪካዎች የዚህኑ ቤተ ሰብ ትራክተሮች ሠርተዋልና ዕቃው ዛሬም ከሕንድና ከፓኪስታን ይመጣል። ይሁን እንጂ «135» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። በዚሁ ስም በቤንዚን ሞተር የተሠራም አለና፣ በሞተሩ ብሎክ ላይ የተመታውን ቁጥር አጥቦ፣ አንብቦ፣ ጽፎ መሄድ ያስፈልጋል። እኛ ሳንጽፍ ሄደን ከመርካቶ ባዶ እጃችንን የተመለስነው ሁለት ጊዜ ነው።

በሶማሌ ተራ የደረሰብንን ሳንነግራችሁ አናልፍም። ከመጽሐፍ እንደ ተማርነው አድርገን «የሲሊንደር ሄድ ጋስኬት አላችሁ?» ብለን ጠየቅን። ባለሱቁ ግራ ገብቶት ተመለከተን። የረዳን በዕድሜ ከእኛ የሚያንስ ተላላኪ ልጅ ነው፤ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው የሚሉት ጋሼ» አለው። ሱቁ ሁሉ ሳቀ። በአገራችን ጋራዥ ውስጥ ቴስታታው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ኩሽኔታው፣ ካቻቢቴው ከጣሊያንኛ መጥቶ አማርኛ ሆኖ የኖረ ነው። እኛ በእንግሊዝኛ የተማርነውን ሠራተኛው በዚህ ቋንቋ ያውቀዋል፤ በመካከላችንም ድልድይ የለም። አንዳችን የሌላውን ዕውቀት ሳናገኝ የምንኖረው ስንፍና ስላለብን ብቻ ሳይሆን ለአንዱ ብሎን ሁለት ስም ይዘን ስለምንዞርም ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋታችን እንምጣ። ክራንክ ሻፍቱን የሚያቅፉት ግማሽ ክብ ኩሽኔታዎች ተልጠው ስላገኘናቸው አዲስ ልንገዛ ወሰንን። አሮጌዎቹን ግን በዚያው ቀን በደጅ ለሚያልፍ ቆራሌ ሰጠናቸው። አዲሶቹን ገዝተን ስንገጥም ክንዱ በእጅ ይወዛወዛል። ደግነቱ ሞተሩን ከማስነሣታችን በፊት በኮልፌ ቶርኖ የሚሠራ አንድ ባለሙያ ሊጠይቀን መጣ። ክንዱን ያዝ አድርጎ ነቀነቀና «ልጆች፣ ለክታችኋል?» አለን። አልለካንም ነበር። ክራንክ ሻፍቱ ቀድሞ አንድ ጊዜ ተሞርዶ ከመጀመሪያ ውፍረቱ 0.020 ኢንች፣ ማለት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቀጥኖ ኖሮ፣ እኛ የገዛነው ላልተነካው የሚሆነውን ነው። ይህ ልክ በአሮጌዎቹ ኩሽኔታዎች ጀርባ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ያንን ጽሑፍ ነው እንግዲህ ለቆራሌው የሰጠነው። ባለሱቁም የተሸጠ ዕቃ አይመለስም አለን፤ ሰባታችን ያዋጣነው ገንዘብ ቀለጠ። የሚያሳፍረው ደግሞ ይህ ነው፤ ሁላችንም በማይክሮ ሜትር አለካክ ተፈትነን ጥሩ ነጥብ ያገኘን ነን። መሣሪያው በቤተ ሙከራችን ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ከክፍል ውጭ ያለ ብረት በእርሱ ይለካል ብሎ ያሰበ አልነበረም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለእኛ የተነገረ መሰለን። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሕግ አወጣን፤ ሳይለካ አይገዛም፤ አዲሱ ሳይሠራ አሮጌው አይጣልም።

በዚህ ላይ የብሎኑ ጉዳይ አለ። የዚህ ትራክተር ብሎኖች በኢንች የተለኩ ናቸው፤ በቀላሉ የምናገኛቸው ደግሞ የሚሊ ሜትሮቹ ናቸው። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ሁለት ሦስት ዙርም ይገባሉ፤ ከዚያ ጥርሱን በልተው ይቀራሉ። አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት በጉልበት ያስገባውን ብሎን ለማውጣትና ቀዳዳውን ለማደስ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል።

ይህ ነገር ከአንድ ትራክተር የሰፋ ታሪክ አለው። የቀድሞዎቹ የዚህ አገር ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው በአደባባይ በወጡበት ዘመን ትራክተር በገበሬው ዘንድ የበረከት ምልክት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ በተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት አካባቢ፣ ትራክተር የሚያርስላቸው ባለ መሬቶች ጭሰኛውን ከመሬቱ እንዳስነሡት የታወቀ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ትራክተሩ ወደ መንግሥት እርሻዎች ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የቤላሩስ ትራክተሮች መገጣጠሚያ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ቆመ። ከእንግሊዝ ማሲ ፈርጉሰን፣ ከጣሊያን ፊያት፣ ከሶቭየት ቤላሩስ መጣ፤ ሁሉም የየራሱን ብሎን፣ የየራሱን ፊልትሮ፣ የየራሱን መጽሐፍ ይዞ መጣ። ስለዚህ እንላለን፤ በመርከብ የሚመጣው የትራክተሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ መለዋወጫውና የጥገናው ዕውቀት ነው፤ ይህኛው ካልመጣ የመጀመሪያው ግማሽ ከባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ የልጆች መጫወቻ ይሆናል።

በመጨረሻ ያስጨነቀን የናፍታ ፖምፓው ነበር። ይህ ፖምፓ በውስጡ የሚያልፈው ናፍታ ራሱ የሚያለሰልሰው፣ እጅግ ጠባብ በሆነ ልክ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ውሃ ከገባበት ዝገቱ ይገድለዋል። የእኛውም ሞቶ ነበር። ወሩ ግንቦት ነበር። የውስጥ ዕቃውን ከውጭ አገር ብናዝዝ ከሰኔ በፊት አይደርስም። ወደ ሰበታ ሲሄዱ በአንድ ግቢ ውስጥ የቆመ ሌላ 135 እንዳለ ሰማን። ባለቤቱ ፖምፓውን ለብቻው ሊሸጥልን ፈቀደ። ሄደን ስናየው ግን ዝም አልን። ያ ትራክተር ከእኛው የተሻለ ነበር። ሞተሩ በእጅ ይዞራል፤ ጎማው አልፈራረሰም። ጥቂት ገንዘብና ጥቂት ሰው ቢያገኝ ያርስ ነበር።

ያን ማታ ተከራከርን። ከፊሎቻችን «አንዱን ለማዳን ሌላውን መግደል ጥገና አይባልም» አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ «ቃል የሰጠነው ለአባባ ነው፤ ክረምት አይጠብቅም» አልን። በድምፅ ተወሰነ፤ አራት ለሦስት። ፖምፓውን ገዛን።

በሰኔ ሁለተኛው ሳምንት አየሩን ከናፍታ መስመሩ አስወጥተን፣ ባትሪ ተውሰን፣ ሞተሪኖውን አዞርን። በሦስተኛው ሙከራ ነጭ ጭስ፣ ቀጥሎ ጥቁር ጭስ ወጣ፤ ከዚያ ሞተሩ ያዘ። አባባ አልጮኹም፤ እጃቸውን በራዲያተሩ ላይ አድርገው ቆሙ። በማግስቱ ወደ እርሻው ነዱት፤ አርሰውበትም የዘመዶቻቸውን ጭምር ለዘር አደረሱ። ከክረምት በኋላ ለማርሽ የሚሆን አንድ ዕቃ ፈልገን ወደዚያ ግቢ ብንመለስ ግን ሌላው ትራክተር አልነበረም። ፖምፓ የሌለው ሞተር ምን ይሠራል ተብሎ ተቆራርጦ በኪሎ ተሽጧል። ለአባባ ስንነግራቸው «የሞተ በሬ እግር ለሌላው በሬ አይሆንም፤ የብረት በሬ ግን ይሆናል። ጸጋውም እርግማኑም ይኸው ነው» አሉን። አራታችን ዛሬም ልክ ሠርተናል እንላለን፤ ሦስታችን አሁንም አልተስማማንም። ሁላችንም የምንስማማበት ግን፣ በየካቲት አስበንበት ዕቃውን አዝዘን ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባረሱ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየግቢው የቆሙትን ትራክተሮች የሞተር ቁጥርና የጎደላቸውን ዕቃ የሚመዘግብ አንድ መዝገብ በማኅበሩ ቤት ይከፈት፤ ባለቤት ባለቤትን ቢያውቅ አንዱ በሌላው ላይ አይሞትም። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን ለመመረቂያ ሥራ ከምናቀርበው መካከል አሮጌ ዕቃ ለክቶ ሥዕሉን ማውጣትን ይቀበሉን፤ ሥዕሉም በመደርደሪያ ከሚቀመጥ የኮልፌ የቶርኖ ባለሙያ እጅ ይግባ። ሦስተኛ፣ የዕቃዎቹ ስም በጋራዡ አማርኛና በመጽሐፉ እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ተጽፎ በዚሁ ጋዜጣ በየጊዜው ይውጣ። የመጀመሪያውን አርባ ስም እኛ አዘጋጅተናል።

ቀዳሚዎቻችን መሬቱ ለአራሹ ይሁን ብለው ተነሡ። ለአራሹ ብሎን ማቅረብ የዚያን ያህል የሚያስፎክር አይደለም፤ ዘፈንም አይወጣለትም። ቢሆንም ለእኛ የደረሰን ሥራ ይህ ይመስለናል። በዚህ ሥራ ልታግዙን የምትፈልጉ ቅዳሜ ጧት ካራ ቆሬ እንገናኝ፤ ማይክሮ ሜትሩን እናመጣለን። ጣሳውንም ማርሜታው ላይ በሽቦ አስረነዋል።